ልጄ ኤች ፒ ቪ ካልተከተበች ትምህርት ቤት አትገባም?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ12 ዓመት ልጃችን በክረምቱ ማብቂያ ሰባተኛ ክፍል ትገባለች። ከትምህርት ቤት የመጣልን ደብዳቤ ሦስት ክትባቶችን ዘርዝሮ ማስረጃው ካልቀረበ ትምህርት መጀመር እንደማትችል ይናገራል። አንደኛው ኤች ፒ ቪ (የማህጸን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት) ነው። ባለቤቴ «ይሄ የአባላዘር በሽታ ክትባት ነው፣ ለሕፃን ልጅ ምን ያደርጋል» ብሎ በሃይማኖት ምክንያት እምቢ ማለት የሚያስችለውን ፎርም ሊያስሞላ ነው። እኔ ደግሞ እምቢታው የዜግነት ማመልከቻችንን ያበላሽብናል ብዬ ፈርቻለሁ። ልጅቷ አዲስ አበባ አያቷ ዘንድ ሳለች በኅዳር 2017 ዓ.ም. በትምህርት ቤት ዘመቻ አንዴ ተከትባለች፤ ካርዷ እጃችን ላይ አለ። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ወረቀት ፈርማ ነገሩን ጨረሰች። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ደግሞ ጭራሽ አልተጠየቀም። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ልጅዎ ኤች ፒ ቪ ባለመከተቧ ብቻ ከትምህርት ቤት አትከለከልም። በደብዳቤው ላይ ባሉት በሌሎቹ ሁለት ክትባቶች ግን ልትከለከል ትችላለች። ደብዳቤው ሦስቱን በአንድ መስመር ስለደረደራቸው እኩል ይመስላሉ እንጂ በሕጉ ፊት እኩል አይደሉም። ብዙ ወላጅ ችግር ውስጥ የሚገባው ይህን ልዩነት ሳያይ ሦስቱንም በአንድ ፊርማ እምቢ ሲል ነው።

የቨርጂኒያ የተማሪዎች ክትባት ሕግ በክልሉ የሕግ መድበል አንቀጽ 32.1-46 ላይ ይገኛል። ኤች ፒ ቪ ወደ ዝርዝሩ የገባው በፈረንጆች 2007 በወጣ ማሻሻያ ሲሆን፣ ከኦክቶበር 2008 ጀምሮ የሚመለከተው ሴት ልጆችን ብቻ ነበር። በ2020 እንደገና ተሻሽሎ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ወዲህ ወንዶችንም ይጨምራል፤ የመጀመሪያው ዶዝ ሰባተኛ ክፍል ከመግባት በፊት እንዲሰጥ ይጠይቃል። ይኸው አንቀጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ግን ለዚህ ክትባት ብቻ የተለየ በር ይከፍታል። ቫይረሱ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፍ ስላልሆነ፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ በቫይረሱና በማህጸን በር ካንሰር መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያስረዳውን፣ የጤና ቦርዱ ያጸደቀውን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ፣ በራሱ ውሳኔ ብቻ ልጁን ላለማስከተብ ይችላል። ምክንያት መስጠት አይጠበቅበትም፤ የሐኪም ወረቀትም ሆነ የቄስ ደብዳቤ አያስፈልገውም።

ደብዳቤው ላይ ያሉት ሌሎቹ ሁለቱ ቲዳፕ (የመንጋጋ ቆልፍ፣ የዘጊ አናዳና የትክትክ ማጠናከሪያ) እና የማጅራት ገትር ክትባት መሆን አለባቸው፤ ቨርጂኒያ ለሰባተኛ ክፍል የምትጠይቀው እነዚህን ነው። ለእነሱ ይህ በር የለም። በሕክምና ምክንያት በሐኪም ፊርማ፣ ወይም በሃይማኖት ምክንያት በቃለ መሐላ ካልሆነ በቀር ማለፊያ የላቸውም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ፎርም እንምጣ። ሲ አር ኢ 1 የሚባለው ሰነድ በኖታሪ ፊት በመሐላ የሚፈረም ነው። የሚለውም «ይህን አንድ ክትባት አልወደድኩትም» ሳይሆን፣ ክትባት መስጠት ከእኔ ወይም ከልጄ ሃይማኖታዊ እምነትና ሥርዓት ጋር ይጋጫል ነው። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የኩፍኝ፣ የፖሊዮ፣ የሄፓታይተስ ክትባቶችን ወስዳ፣ ካርዷም እዚያው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ፣ በመሐላ ተቃራኒውን መፈረም የሚመከር ነገር አይደለም። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ውጤቱ ነው። ፎርሙ ራሱ እንደሚያስጠነቅቀው፣ በትምህርት ቤቱ ክትባት ያለው በሽታ ወረርሽኝ ቢነሳ የክልሉ የጤና ኮሚሽነር ልጅቷ አደጋው እስኪያልፍ ከትምህርት እንድትቀር ሊያዝ ይችላል። ኩፍኝ በ2025 በብዙ የአሜሪካ ክልሎች እንደገና በታየበት ዘመን ይህ የወረቀት ስጋት ብቻ አይደለም። ለኤች ፒ ቪ እምቢታ ሲ አር ኢ 1 መፈረም ትንኝ ለመግደል መድፍ መተኮስ ነው፤ መድፉም ወደ ራስ ቤት ዞሯል።

ላለማስከተብ ከወሰናችሁ የምትጽፉት ነገር በጣም አጭር ነው። የልጅቷን ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የክፍል ደረጃ፤ ቀጥሎ በአንቀጽ 32.1-46 መሠረት የጤና ቦርዱ ያጸደቀውን ጽሑፍ አንብባችሁ ኤች ፒ ቪ ላለማስከተብ እንደመረጣችሁ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ቀንና ፊርማ። ሕጉ ለዚህ ኖታሪ አይጠይቅም። ጽሑፉን ግን በእርግጥ አንብቡት፤ ሕጉ ምርጫውን የሰጠው ላነበበ ወላጅ ነው። የክልሉ ጤና መምሪያ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፣ የትምህርት ቤቷን ነርስም መጠየቅ ይቻላል። ደብዳቤውን በእጅ ከመስጠት ለነርሷ በኢሜል መላክ ይሻላል፤ የተላከበት ቀን ይመዘገባል፣ ቅጂውም እናንተ ዘንድ ይቀራል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ ትምህርት ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ በፌዴራል ሕግ አለበት። አሌክሳንድሪያ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የበዛበት ከተማ ስለሆነ ጥያቄው አዲስ አይሆንባቸውም። ልጅቷን ራሷን በዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ አታድርጓት።

ማስከተብ ከመረጣችሁ ደግሞ ነገሩ ካሰባችሁት በላይ ቀርቧል፤ ልጅቷ ግማሹን መንገድ አዲስ አበባ ላይ ጨርሳለች። ኢትዮጵያ ይህን ክትባት በፈረንጆች 2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ሴት ልጆች በትምህርት ቤት መስጠት ጀመረች። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን በአንድ ዶዝ ብቻ የሚከትብ ትልቅ ዘመቻ ተካሂዷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መጨረሻ አንድ ዶዝን እንደ አማራጭ ከተቀበለ በኋላ የተወሰደ እርምጃ ነው። የእናንተ ልጅ ያገኘችው ይህንን ነው። ስለዚህ እዚያ «ጨርሳለች» ተብሎ የተጻፈላት ልጅ እዚህ «ይቀራታል» ልትባል ትችላለች። በቨርጂኒያ የተለመደው ቆጠራ ከ15 ዓመት በፊት ለጀመረ ልጅ ሁለት ዶዝ ነው፤ በመካከላቸው ቢያንስ አምስት ወር መኖር አለበት። ከዚያ ካጠረ ሦስተኛ ይጨመራል። ከ15 ዓመት በኋላ የጀመሩ ልጆች ሦስት ይወስዳሉ። የዶዝ ቁጥሩ ሊለወጥ የሚችል ነገር ስለሆነ፣ በዚህ ዓመት ሥራ ላይ ያለውን ዝርዝር ሐኪሟን ወይም ነርሷን ጠይቁ። ከወሰደችው ብዙ ወራት ስላለፉ የሚቀራት ቢበዛ አንድ መርፌ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም፤ የክትባቱ የንግድ ስም የተለየ ቢሆንም የተወሰደው ይቆጠራል።

ካርዱ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ ይህን አደራ እላለሁ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ማንም ሳይቀይረው ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረንጆች ኖቬምበር 19 ቀን 2024 ነው። ካርዱ ላይ 10/3/2017 ተብሎ ከተጻፈ ግን የክሊኒኩ ሠራተኛ ወይ ማርች 10 ወይ ኦክቶበር 3 ቀን 2017 ብሎ ይመዘግበዋል፤ ያኔ ልጅዎ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ክትባቱ ከ9 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ስለማይሰጥ መዝገቡ «የማይቆጠር» ይላታል፣ ወይም ነርሷ ካርዱን ትጠራጠራለች። የሌሎቹም ክትባቶች ቀን በዚሁ መንገድ ይበላሻል፤ የኩፍኝ ክትባት ከመወለዷ በፊት የተሰጠ ሆኖ ሊገኝ ይችላል! ካርዱን ይዛችሁ ስትሄዱ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ የተለወጠውን ቀን በተለየ ወረቀት ጽፋችሁ አያይዙ፤ ካርዱን ራሱን አትሰርዙ፣ አትደልዙ። ሐኪሙ አረጋግጦ ኤም ሲ ኤች 213 ጂ በሚባለው የትምህርት ቤት መግቢያ የጤና ቅጽ ላይ ወይም በክልሉ የክትባት መዝገብ ላይ ካሰፈረው ትምህርት ቤቱ ይቀበለዋል።

የክፍያው ነገር፦ ልጅቷ ሜዲኬድ ካላት ወይም ጨርሶ ኢንሹራንስ ከሌላት፣ ዕድሜዋ 19 እስኪሞላ ድረስ «ቫክሲንስ ፎር ችልድረን» በሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም ክትባቱ በነፃ ነው። ክሊኒኩ ለመርፌው ሥራ አነስተኛ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ መክፈል አልቻልኩም ያለውን ግን መመለስ አይችልም።

እህትዎ ወረቀት ፈርማ የጨረሰችው ትክክል ነው፣ ግን በሌላ ሕግ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት የራሱን የኤች ፒ ቪ ሕግ በ2007 አውጥቶ በ2009 ከስድስተኛ ክፍል ሴት ልጆች ጀመረ፤ በ2014 ወንዶች ተጨመሩ። እዚያም ወላጅ በሃይማኖት፣ በሕክምና ወይም በማንኛውም ሌላ ምክንያት እምቢ ማለት ይችላል፤ ከቨርጂኒያ የሚለየው ጤና መምሪያው ያዘጋጀውን የእምቢታ ቅጽ መፈረም ግዴታ መሆኑ ነው። ዝም ብሎ መቅረት አይቻልም። ክትባቱም የተፈረመው ቅጽም ከሌለ ተማሪው ማስረጃ እንደጎደለው ይቆጠራል፤ ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ 20 የትምህርት ቀናት ካለፉ ከክፍል ሊወጣ ይችላል። እህትዎ ቅጹ በየዓመቱ መታደስ ይኖርበት እንደሆነ ትምህርት ቤቱን ትጠይቅ፤ አምና ፈርሜያለሁ ብሎ መቀመጥ ነው ብዙውን ጊዜ ደብዳቤ የሚያስመጣው። ሜሪላንድ ደግሞ ኤች ፒ ቪን በግዴታ ዝርዝሯ ውስጥ ጨርሶ አላስገባችም፤ ስለዚህ ወንድምዎ ያልተጠየቀው ተረስቶ አይደለም። ሮድ አይላንድና ሃዋይ ያሉ ወላጆች ግን ከዚህ መልስ ምንም እንዳይወስዱ፤ እዚያ በራስ ውሳኔ ብቻ መቅረት አይቻልም፣ የሕክምና ወይም የሃይማኖት ምክንያት ያስፈልጋል።

ባለቤትዎ ያነሱት ቅሬታ እንግዳ አይደለም። ክትባቱ በጁን 2006 ፈቃድ ባገኘ በወራት ውስጥ የአሜሪካ ምክር ቤቶች የተከራከሩበት ነው። የቴክሳሱ አገረ ገዥ ሪክ ፔሪ በፌብሯሪ 2007 ስድስተኛ ክፍል የሚገቡ ሴት ልጆች ሁሉ እንዲከተቡ በትእዛዝ ቢወስኑ፣ የራሳቸው ፓርቲ የሚመራው ምክር ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ ሻረባቸው። አምራቹ ኩባንያ ሜርክ ክልሎች ግዴታ እንዲያደርጉት ይጎተጉት ስለነበር ጥርጣሬው በረታ፤ ሦስቱ ዶዝ ያኔ 360 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። ኩባንያው በዚያው ወር ጉትጎታውን አቆምኩ አለ። ዛሬም ድረስ ግዴታ ያደረጉት ክልሎች በጣት የሚቆጠሩ የሆኑት አንድም በዚያ ቁርሾ ነው።

የሕጉ መሠረት የቆየ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1905 የፈንጣጣ ክትባት እምቢ ብሎ 5 ዶላር የተቀጣውን የማሳቹሴትስ ፓስተር የጃኮብሰንን ይግባኝ ውድቅ አድርጓል። በ1922 ደግሞ ወረርሽኝ ባልነበረበት ጊዜም ቢሆን ከተማ ያልተከተበ ተማሪን ከትምህርት ቤት ማገድ እንደሚችል የሳን አንቶኒዮን ጉዳይ ይዞ ወስኗል። «መንግሥት ልጄን ሊያስገድድ አይችልም» የሚለው ክርክር እንግዲህ በፍርድ ቤት ደካማ ነው፤ ወላጅን የሚያድነው ክልሉ ራሱ የጻፈው ማለፊያ ነው። «በክፍል ውስጥ የማይተላለፍ በሽታ ለምን ግዴታ ይሆናል» የሚለው የተሻለ ክርክር ነው፣ የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎችም ተቀብለውታል። ነገር ግን እስከ ዳር አይሄድም። መንጋጋ ቆልፍ ከሰው ወደ ሰው ጨርሶ አይተላለፍም፤ ሄፓታይተስ ቢም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፉት አንዱ ነው። ሁለቱም በቨርጂኒያ፣ በዲሲና በሜሪላንድ ለትምህርት ቤት ግዴታ ናቸው፣ ልጅዎም ሁለቱንም ያለ ምንም ጭቅጭቅ ወስዳለች። ሄፓታይተስ ቢን ኤች ፒ ቪን በምትተውበት መንገድ መተው ግን አይቻልም፤ አንዳንድ ወላጅ «የአባላዘር ነው» በሚል ሁለቱን አንድ ላይ ሲጥላቸው ልጁ ከትምህርት ይታገዳል።

ሐኪም ባልሆንም በጉዳዩ ላይ ያለውን የሕክምና ክርክር ማንበብ ሥራዬ ነውና አንድ ነገር ልበል። ክትባቱ በ11 እና በ12 ዓመት የሚሰጠው ልጁ አሁን አንድ ነገር ያደርጋል ተብሎ አይደለም፤ ቀድሞ የገባን ቫይረስ ስለማያድን ከመድረሱ በፊት መሰጠት ስላለበት ነው። ተጠብቃ ያደገች ልጅም ከምታገባው ሰው ልትይዘው ትችላለች። ለባለቤትዎ የሚነገረው ይህ ይመስለኛል፤ ውሳኔው ግን የእናንተ የሁለታችሁ ነው።

ሁለታችሁ ካልተስማማችሁስ? ሕጉ የሚናገረው ስለ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» በነጠላ ነው። በአንድ ቤት የምትኖሩ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሐኪሙ የአንዳችሁን ፈቃድ፣ ትምህርት ቤቱም የአንዳችሁን ደብዳቤ ይቀበላል፤ በመካከላችሁ አይዳኝም። ተቃራኒ ሁለት ወረቀት ከላካችሁበት ግን ነርሷ ግራ ተጋብታ ፋይሉን ታቆየዋለች፣ ጊዜውም ያልፋል። ለተፋቱ ወላጆች መልሱ ሌላ ነው። የጋራ የሕግ አሳዳጊነት ካለ በመጀመሪያ የፍርድ ውሳኔውን ወረቀት ያንብቡ፤ ስለ ሕክምና ውሳኔ የተለየ ነገር ካልተጻፈ ክርክሩ የሚሄደው ወደ ወጣቶችና ቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው፣ መለኪያውም የልጁ ጥቅም ነው።

«ልጆችን ከወላጅ ተደብቀው ይከትቧቸዋል» የሚለው ወሬ ከባዶ የመጣ አይደለም። ዲሲ ከ11 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ የክትባቱን ትርጉም ከተረዳ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዲከተብ የሚያስችል ሕግ በ2020 አጽድቃ ነበር። ወላጆች ከሰሱ፤ የፌዴራል ዳኛ በማርች 2022 አገደው። ያ ሕግ የዲሲ እንጂ የቨርጂኒያ አልነበረም። እናንተ ልትጠነቀቁ የሚገባው በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ በሚመጣው የወረቀት ክምር መካከል ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚሰጥ የጤና አገልግሎት ጠቅላላ ፈቃድ የሚጠይቅ ገጽ ሊኖር ይችላል። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ስለ ዜግነቱ በእርጋታ ይተኙ። ለዜግነት ማመልከቻ የክትባት ጥያቄ የለም፤ የትምህርት ቤት ፋይልም ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚላክ ነገር አይደለም። ሕግ የፈቀደውን ምርጫ መጠቀም ብቻውንም ልጅን እንደመበደል አይቆጠርም። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ከኦገስት 2008 እስከ ዲሴምበር 14 ቀን 2009 ድረስ ግሪን ካርድ የሚያመለክቱ ከ11 እስከ 26 ዓመት ያሉ ሴቶች ይህን ክትባት በእርግጥ ይገደዱ ነበር። አሜሪካ የራሷ ልጆች ያልተገደዱትን ስደተኛ ሴት ልጆች ላይ መጫኗ ብዙ ስላስወቀሰ ግዴታው ተነሳ። ከዚያ ጊዜ የቀረ ወሬ ዛሬም በየቡናው ይሰማል። አሁን ሲቪል ሰርጀን የሚባለው የኢሚግሬሽን ሐኪም በሚሞላው ቅጽ ላይ ኤች ፒ ቪ የለም፤ ኩፍኝና ሄፓታይተስ ቢ ግን አሉ።

ከክትባቱ በኋላ ጉዳት ቢደርስ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ተራው ፍርድ ቤት አይደለም። ኤች ፒ ቪ በ1986 በወጣው የፌዴራል የክትባት ጉዳት ካሳ ሥርዓት ውስጥ ይካተታል፤ አቤቱታው የሚቀርበው ዋሽንግተን ላለው የፌዴራል የካሳ አቤቱታዎች ፍርድ ቤት ነው። ጊዜው ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው፤ ልጅ ስለሆነች እስክታድግ ይጠበቃል ብላችሁ እንዳትዘናጉ። በመሠረቱ ጉዳቱ ከስድስት ወር በላይ የቆየ፣ ወይም ሆስፒታል አስተኝቶ ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው መሆን አለበት። በቅን ልቦናና በበቂ ምክንያት የቀረበ አቤቱታ ቢሸነፍ እንኳ ፍርድ ቤቱ የጠበቃውን ወጪ ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ከተጎጂ ቤተሰብ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ጠበቃ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። በዚህ ክትባት በተደጋጋሚ የሚታየው ነገር መርፌውን እንዳዩ ወይም እንደተወጉ ራስን መሳት ነው፤ አደጋው የሚመጣው ወድቆ ጭንቅላትን ከመምታት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ተቀምጣ ትወጋ፣ ከዚያም 15 ደቂቃ ሳትነሳ ትቆይ። የክትባቱን ቀን፣ የአምራቹን ስምና የሎት ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ጊዜን በተመለከተ፦ የቲዳፕና የማጅራት ገትር ቀጠሮ ዛሬውኑ ይያዝ። በነሐሴ ክሊኒኮቹ ይጨናነቃሉ፤ የእናንተን ልጅ በር ላይ ሊያስቀሯት የሚችሉትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ያልተሟሉ ክትባቶች ያሉት ልጅ ከእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ዶዝ ወስዶ የማሟያ ዕቅድ ካቀረበ፣ ቨርጂኒያ ለ90 ቀን በቅድመ ሁኔታ ታስመዘግበዋለች፤ ቀጠሮው ከዘገየባችሁ ይህ ለልጅዎ ይሠራ እንደሆነ ነርሷን ጠይቋት። የኤች ፒ ቪውን ደብዳቤ ወይም የተስተካከለውን የአዲስ አበባ ካርድ ከእነዚህ ሁለት ማስረጃዎች ጋር አንድ ላይ ላኩላት፤ ተለያይቶ የመጣ ወረቀት ከፋይሉ ውጪ ይቀራል።